ሁለት ጊዜ ስለተፈለገው ግማሽ ባሕር

ለክቡር የፍለጋና ነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተፈለገው ግማሽ እንዲፈለግ በትሕትና ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተገዛልዎት የወገብ መደገፊያ ያለው ወንበርም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ቢጠይቁኝ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ከመልስ ሁሉ የሚቀለኝ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከሰሞኑ ምንም አይሰማኝም፤ ምግብ ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እጋደማለሁ፣ እጄም የሌላ ሰው እጅ ይመስል ይኸው ይጽፋል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በማዕከልዎ የፍለጋ ዕቅድ ረዳት ተብዬ የተቀጠርኩት አዲሷ ምሩቅ ነኝ። በተቀጠርኩ ዕለት እጄን ጨብጠው «ማዕከላችን የሚያስፈልገው እንዳንቺ ያለ ትኩስ ኃይል ነው» ሲሉኝ ዓይንዎ ከትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር፤ እኔም የፍለጋ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲህ ነው እንጂ፣ በሰላምታ መሐል እንኳ ፍለጋውን አያቋርጥም ብዬ በልቤ አደነቅሁ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። ነፋሱንና የውሃውን ፍሰት ደምሮ የጠፋ ሰው የት ሊገኝ እንደሚችል መገመት፣ አውሮፕላንና መርከብን በአንድ ዕቅድ ማሰማራት፣ ይህ ሁሉ ገና ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነበር። አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ምክንያቱ ብቻ ተቀይሯል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላውም ሰው ስለሚያነበው፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ነገር ለማያውቁት ስል በአጭሩ ብደግመው ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ሦስት ሰዎች ይዛ ከወደቡ ወጣች፤ ባለጀልባው ሽማግሌ፣ መረብ የሚጥለው የወንድማቸው ልጅና ሞተረኛው ናቸው። ሞተረኛው የእህቴ ባል ነው። እኔ የምኖረውም እነሱ ቤት ነው። ይህን አልደብቅም፤ ደብቄም አላውቅም። ሥራ ያገኘሁ ዕለት ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተር መጥረግ ቀረ፤ ብንጠፋም ባለዲግሪዋ ትፈልገናለች» ብሎ ቤቱን በሳቅ የሞላው እሱ ነው፤ እህቴም «አፍህን ዝጋ፣ ምን አለ ዝም ብለህ እንኳን ደስ አለሽ ብትላት» ብላ ተቆጥታዋለች።

ጥሪው ሲመጣ ከራዲዮ ኦፕሬተሩ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር የእህቴን ባል ድምፅ ገና በመጀመሪያው ቃል ለየሁት። ሞተሩ እምቢ ማለቱን፣ ጀልባዋ ግን ውሃ እንዳላስገባች፣ ነፋሱም ወደ ውጭ እየገፋቸው መሆኑን ተናገረ፤ ያሉበትንም ቦታ በትክክል ሰጠ። ከዚያም «ባለቤቴን አሁን እንዳትነግሯት፣ ስመለስ ራሴ እነግራታለሁ» አለ። ባትሪው አልቆ መሰለኝ ሌላ ቃል አልመጣም።

እኔም እንደ ተማርኩት የፍለጋውን ቦታ ካርታው ላይ አሰመርኩ፤ እንደ ደንቡም ለሁለት እኩል ተከፈለ፦ ለወደቡ የሚቀርበው ግማሽና ወደ ውጭ የሚርቀው ግማሽ። አንዱን ግማሽ አውሮፕላኑ፣ ሌላውን ነፍስ አድን መርከቡ እንዲፈልጉ ነው ዕቅዱ። ከዚህ በኋላ የሆነውን በቁጥር አድርጌ፣ በእያንዳንዱም ላይ የሚገባዎትን ምስጋና ጨምሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኮሪደሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

በማዕከላችን የባሕር ክፍልና የአየር ክፍል በአንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ተፋጠው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ኮሪደር አንዱ ክፍል ውስጥ ሲያስነጥሱ ከሌላው ክፍል ይማርህ ለማለት የሚያስችል ነው፤ ባይባባሉም። ሁለቱ ኃላፊዎች በማዕረግ እኩል ስለሆኑ አንዱ ወደ ሌላው ክፍል ከገባ እንደተጠራ ይቆጠርበታል፤ የተጠራ ደግሞ የበታች ነው። ስለዚህ ማንም ወደ ማንም አይሄድም። ሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ ሊገናኙ የሚችሉበት ብቸኛ ቦታ የስብሰባ አዳራሹ ሲሆን፣ እሱም በዚያ ሳምንት ከየመሥሪያ ቤቱ ለመጡ እንግዶች የቅንጅታዊ አሠራር ሥልጠና ይሰጥበት ነበር። እርስዎም በመክፈቻው ላይ ባደረጉት ንግግር ቅንጅት የሥራችን ደምና ሥጋ ነው ማለትዎን በድምፅ ማጉያው በኩል ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ኮሪደር ላይ የቆምኩት መልእክት ላደርስ ነው። የባሕር ክፍል ኃላፊው «አንቺ ልጅ፣ ለእነዚያ ሰዎች እኛ ጀምረናል በያቸው» ሲሉኝ ሦስት እርምጃ ተራምጄ እላለሁ። የአየር ክፍል ኃላፊውም ቀና ሳይሉ «እኛም እንዳልተኛን ንገሪልን» ይላሉ፤ ሦስት እርምጃ ተመልሼ እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ የትኛውን ግማሽ እንደያዙ ጠይቄ ለወዲያኞቹ ላድርስ ብል፣ ከአንዱ በር «እነሱ ማን ስለሆኑ ነው የምናሳውቃቸው» የሚል፣ ከሌላው በር ደግሞ «ማወቅ ከፈለጉ መጥተው ይጠይቁ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጌ ለእርስዎ ባቀርብም፣ ጸሐፊዎ ሥልጠናው ሲያልቅ ብቅ እንድል በጨዋነት ነገረችኝ። ሥልጠናው ሳምንቱን ሙሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎችዎ ለተሳፈሩበት ንብረት ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

መርከቡ ቅርቡን ግማሽ መረጠ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ ስልክ አይሠራም፤ ስልክ ካልሠራ ደግሞ ኃላፊው ደውለው የት ደረሳችሁ ማለት አይችሉም። አውሮፕላኑም ቅርቡን ግማሽ መረጠ፤ ወደ ሩቁ ለመሄድ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ተጨማሪ ነዳጅ የሚፈቅደው ሰው ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነው፤ እኔም አልከራከርም። እንዲህ ሆኖ ግን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አንዱም ከአንዱ በታች ሲመላለሱ ዋሉ። አብራሪው ሲመለስ ፊቱን እየታጠበ «ያቺን መርከብ ሰላም ስላት ዋልኩ፣ እጄ ዛለ» አለኝ፤ የመርከቡ ካፒቴንም በበኩሉ አብራሪው ጨዋ ሰው መሆኑን፣ ክንፉን ሳያወዛውዝላቸው አንድም ጊዜ እንዳላለፈ መሰከረለት። በማግሥቱም ሰላም ተባባሉ። በማግሥቱም ማግሥት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል እንዲህ ያለ ፍቅር መኖሩን ኃላፊዎቹ ባለማወቃቸው አዝናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሂሳቡ።

የማዕከሉ ሪፖርት አጠናቃሪ እጅግ ትሑት ሰው መሆናቸውን እርስዎም ያውቃሉ። ከአየር ክፍል ግማሹ ተፈልጓል የሚል ሪፖርት ደረሳቸው፤ ከባሕር ክፍልም ግማሹ ተፈልጓል የሚል ደረሳቸው። ደመሩት። ሽፋን መቶ በመቶ፣ ውጤት የለም፣ ፍለጋው ተዘግቷል። እየሮጥኩ ሄጄ የተፈለገው አንድ ግማሽ መሆኑን፣ ሁለቱም የሄዱት እዚያው መሆኑን ካርታው ላይ በጣቴ ባሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ልጅ እንደሚያስረዱ አድርገው «ግማሽና ግማሽ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያው ግማሽ ከሆነ ያው ግማሽ ነው አልኳቸው። «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ፤ «ግን ሁለቱም ሠርተዋል እኮ። የማንን ልፋት ልሰርዝ? የአየርን ብሰርዝ አየር ይቀየመኛል፣ የባሕርን ብሰርዝ ባሕር። አንቺ ብትሆኚ የማንን ትሰርዣለሽ?» ሰውየው ክፉ አይደሉም። ከመሳቢያቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፤ በላሁት።

አራተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ምክር።

ሥልጠናው በተጠናቀቀ ዕለት የምስክር ወረቀት ሲያድሉ ጠብቄ ከአዳራሹ በር ላይ እንዳነጋገርኩዎት ያስታውሱ ይሆናል። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል መሄዱን፣ የሄደ ሪፖርት ተመልሶ መጥቶ እንደማያውቅ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ከጠፉት አንዱ ዘመዴ ስለሆነ በገለልተኝነት ማሰብ እንደማልችል አስረዱኝ፤ «ስሜታዊ ሆነሻል፣ ልጄ፣ ዕረፍት ውሰጂ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ክቡር ሆይ፣ ስሜት ቢኖረኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት በነበረኝ። ምክርዎን ግን ተቀብዬ ብዙ አሰብኩበት፤ እናም ከገለልተኝነት መርሕ ጋር የሚስማማ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ባለጀልባው ሽማግሌ ዘመዴ አይደሉም። የወንድማቸው ልጅም ዘመዴ አይደለም፤ እንዲያውም ባየኝ ቁጥር «አንቺ ባለ ካርታ፣ መንገድ ጠፋሽ እንዴ» እያለ ስለሚያበሽቀኝ ሲበዛ ገለልተኛ ነኝ። ስለዚህ ማዕከሉ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይፈልግልኝ። ድንገት ሲገኙ እዚያው ጀልባ ላይ አንድ ሞተረኛ ተቀምጦ ቢታይ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ወደ ቤታችን ስለላኳቸው ሰዎች።

ፍለጋው መዘጋቱን ለቤተሰብ በአካል ተገኝቶ መንገር የማዕከሉ ደንብ መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። ከባሕር ክፍል የተላኩት ሰው ጠዋት መጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ እህቴ አልጋው ላይ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ የባሏ የሥራ ኮፍያ ከነግራሶው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ሰውየው እሱን ላለማየት አንገታቸውን አጣመው ነበር የሚናገሩት። የሚቻለው ሁሉ እንደተደረገ፣ ባሕሩም በሙሉ እንደተፈለገ ነገሯት። እህቴ አልጮኸችም። ውሃ ቀዳችላቸው። ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአየር ክፍል የተላኩት መጡ፤ ጠዋት ሌላ ሰው መምጣቱን አልሰሙም ነበርና እሷ ገና ያልሰማች መስሏቸው በዝግታ፣ ቃል እየመረጡ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ነገሯት። ለእሳቸውም ውሃ ቀዳች። ሲጨርሱ «ጠዋት ነግረውኛል፤ አብራችሁ ብትመጡ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምሰማው» አለቻቸው። ሰውየው ይቅርታ ጠየቁ። ጨዋ ናቸው። ሁሉም ጨዋ ነው።

ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞራ «በሙሉ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ስንት ቀረ?» አለች። ግማሽ አልኳት። ኮፍያውን ከግድግዳው አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «እስቲ ቁጭ በይና በደንብ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት።

ለእሷ የነገርኳትን ለእርስዎም እነግራለሁ። ጀልባዋ ውሃ አላስገባችም። ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሞላ የመጠጥ ውሃ በርሜል ጭናለች። መረብ አላት፣ ዓሣ ማጥመድ ያውቁበታል፣ ከፀሐይ የሚከልላቸው ሸራም አላቸው። ነፋሱ ከጥሪው ወዲህ አቅጣጫውን አልለወጠም፤ ለዘብ ያለ ነው። እነዚህን ሁሉ ስደምራቸው ሦስቱ ሰዎች ዛሬ ሩቁ ግማሽ ውስጥ፣ መሐል አካባቢ፣ በሕይወት አሉ። ይህ ምኞት አይደለም፤ ያስተማራችሁኝ ሂሳብ ነው። ውሃው ግን ያልቃል፤ ነፋሱም እየገፋቸው ከዚያ ግማሽ ያስወጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እኔም እዚህ ፈልጉ ማለት አልችልም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ሩቁ ግማሽ አንድ ጊዜ ይብረር። ሌላ አልጠይቅም። የማንም ልፋት እንዳይሰረዝ የመቶ በመቶው ሪፖርት እንዳለ ይቀመጥ፤ በረራው የልምምድ በረራ ይባል። የማንም ክብር እንዳይነካ ሁለት ወንበር ኮሪደሩ መሐል ጀርባ ለጀርባ ይደረግና ኃላፊዎቹ አንዱ አንዱን ሳያይ ይነጋገሩ፤ ወንበሮቹን እኔ እሸከማለሁ። ይህም ከበዛ በሮቹ ብቻ ይከፈቱ፤ ሁለቱም ድምፀ ጎርናና ስለሆኑ ይሰማማሉ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰድኩብዎ፣ ትከሻዬንም ስለመቱልኝ ውለታዎ አለብኝ። ዘመንዎ ይርዘም፤ ሪፖርትዎ ይጽና፤ ወንበርዎም ከወገብዎ ጋር በፍቅር ይኑር እያልኩ፣ ከኮሪደሩ እኩሌታ ላይ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ለጊዜው የእርስዎ የፍለጋ ዕቅድ ረዳት

ግልባጭ፦
ለባሕር ክፍል ኃላፊ
ለአየር ክፍል ኃላፊ (ማን ይቅደም የሚለው በዕጣ የተወሰነ ነው፤ ቅሬታ ካለ ዕጣውን ያወጣችው እህቴ ናት)
ለሪፖርት አጠናቃሪ (እባክዎ ይህን ደብዳቤ ከምንም ጋር እንዳይደምሩት)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ መልስ መጠበቅ ስላልቻልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ለባለጀልባው ሚስት ደወለች፤ እሳቸው ለሌሎቹ አስጋሪዎች ተናገሩ፤ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ ነዳጅ በጀሪካን ጭነው ወደቡ ላይ ተሰበሰቡ። ሩቁን ግማሽ ለመከፋፈል ቆመው ተነጋገሩ፤ ተሰዳደቡም፣ «አንተማ እንኳን ባሕር ጎረቤትህንም አታገኝ» የሚል ነገርም ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ካርታውን የሚያነብ ሰው ስላስፈለጋቸው እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ስለዚህ ሥራ ገበታዬ ላይ ባልገኝ ዕረፍት ውሰጂ ያሉኝን እየፈጸምኩ እንደሆነ ይቆጠርልኝ። ጀልባዎቹ ስልክ ከሚሠራበት ወዲያ ነው የሚሄዱት፤ ያላቸው ራዲዮ ብቻ ነው፣ የሚሰማውም እርስዎ ፎቅ ላይ ብቻ ነው። አግኝተናቸውም ይሁን እኛም ራሳችን ጠፍተን፣ ከተጣራን የምንጣራው ወደዚያ ነው። በየትኛው ክፍል በኩል እንደሚሰማ አላውቅም። የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም። ብቻ አንድ ሰው ያንሣው።